ኒውት የሚኖርበት ገንዳ፦ አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ ያስፈልጋል ወይ?

ማሂ ልደታ

ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አንድ ጎረቤቴ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ኒውቶች (እንሽላሊት የሚመስሉ የውሃ እንስሳት ናቸው) ትቶልኝ ሄደ። ጀርባቸው ጥቁር ነው። ሆዳቸው ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ከነጭራቸው የመሀል ጣቴን ርዝመት ያህላሉ። አብራ የመጣችው የፕላስቲክ ሣጥን በጣም ጠባብ ናት፣ ዞር ማለት እንኳን አይችሉም።

ደህና ገንዳ ላዘጋጅላቸው አስቤያለሁ። የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ ከሁሉ በፊት ያወጣልኝ ማሞቂያ ነው። «አዲስ አበባ ላይ ያለዚህ አይኖሩም» አለኝ። ሌላ ቦታ ሳነብ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወዱት ይላል። የቱን ልመን? ስለ ገንዳው መጠን፣ ስለ ውሃው፣ ከሥር ስለሚነጠፈው፣ ስለሚበሉት ነገር የምታውቁትን ንገሩኝ። እዚሁ ከተማ የሚገኝ ዕቃ ቢሆን ደስ ይለኛል። እንስሳቱ አሁን እጄ ላይ ስላሉ ከውጭ ዕቃ እስኪመጣ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።

ዓሣ ወዳጅ ፒያሳ

ማሂ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ጉፒና ኤንጅልፊሽ ነው የማረባው። ውሃውን ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ነው የማቆየው። ለእነሱ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ አይሆንም፣ ሻጩም በዚያ ልምድ ነው የነገረሽ። ኒውት አሳድጌ አላውቅም። ግን ውሃ ውስጥ እስከኖረ ድረስ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። 100 ዋት ማሞቂያ ለትንሽ ገንዳ ይበቃል። ለፊልተር ስፖንጅ ያዢ፣ ርካሽ ነው፣ አያስቸግርም።

ባዮ አራት ኪሎ

ማሂ፣ ማሞቂያውን እንዳትገዢ። ከገዛሽም መልሺው።

ከነገርሽን መልክ ስነሳ እነዚህ እሳት ሆድ የሚባሉት የቻይና ኒውቶች ይመስላሉ። የትውልድ ቦታቸው ምሥራቅ ቻይና ነው። ኩሬ፣ የሩዝ ማሳና ቀስ ብሎ የሚፈስ የተራራ ጅረት ውስጥ ይኖራሉ። የሚስማማቸው ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ነው። እስከ 22 ይችሉታል። 24ን ሲያልፍ ይጨነቃሉ፣ መብላት ያቆማሉ፣ ቆዳቸው በፈንገስና በባክቴሪያ ይጠቃል። ለጉፒ ምቾት የሆነው 26 ዲግሪ እነዚህን ቀስ እያለ ይገድላቸዋል። ዓሣ ወዳጅ፣ አንተ ለዓሦችህ የምታደርገው ልክ ነው። ኒውት ግን ዓሣ አይደለም፣ ከእንቁራሪት አስተኔዎች ወገን ነው።

አሁን ስለ ከተማችን እናውራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፣ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ሳሎን ውስጥ ያለ 40 ሊትር ውሃ እንደ አየሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ፀሐይ ካልነካው መሀል ላይ ረግቶ ይቆያል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ኒውት አሳዳጊዎች በበጋ ውሃ ለማቀዝቀዝ ማሽን ይገዛሉ። ማሽኑ ከገንዳውም ከእንስሳቱም የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛ ያንን ቅዝቃዜ በነፃ ነው ያገኘነው። ስለዚህ እዚህ አገር ያለብሽ ሥራ ውሃው እንዳይሞቅ መጠበቅ ብቻ ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር አለው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በ18 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ እዚህ 7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 26 ዲግሪ ስታደርሺው ወደ 6 ይወርዳል። ኒውት በሳንባው ብቻ ሳይሆን በቆዳውም ይተነፍሳል። ሲሞቀው ደግሞ ሰውነቱ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ማሞቂያ ብታስገቢ ከሁለት በኩል ነው የምትጎጃቸው።

ገንዳውን መስኮት ሥር እንዳታስቀምጪ። የጠዋት ፀሐይም ቢሆን አይሆንም። ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ አርቂው። ቴርሞሜትር ግዢና ውስጡ ለጥፊ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከበረታ ሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልተሽ አስረጊና ገንዳው ላይ አንሳፍፊው። አንድ ጊዜ ብዙ በረዶ አታስገቢ፣ ቀስ እያለ ነው መውረድ ያለበት። ታኅሣሥ ላይ ውሃው 12 ዲግሪ ቢሆን አትደንግጪ። ያኔ ትንሽ ይፈዛሉ፣ ትንሽ ይበላሉ፣ ምንም አይሆኑም።

ማሂ ልደታ

ባዮ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ማሞቂያውን ትቻለሁ። መጠኑስ? ተሠርቶ የሚሸጥ ገንዳ አይቼ ነበር፣ ግን አብዛኛው ክብ ወይም ጠባብና ረጅም ነው።

ባዮ አራት ኪሎ

ክቡን ተዪው። ለእነሱ ከከፍታው ይልቅ ወለሉ መስፋት አለበት። ከታች እየተራመዱ ነው የሚውሉት። ለሦስት ኒውት ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ይሁን። ውሃውን እስከ 22 ሴንቲ ሙዪው፣ 40 ሊትር አካባቢ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቀድመሽ ሁለት ቀን አስቀምጪው። ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ኒውት መስታወት ይወጣል። እርጥብ ቆዳው ይለጠፋል፣ በተለይ ማዕዘኑን ይዞ ሲወጣ ማመን ያቅታል። ብዙ ኒውት የሚሞተው በበሽታ ሳይሆን ከገንዳ ወጥቶ ሶፋ ሥር ደርቆ ነው። ስለዚህ ክዳን የግድ ነው። የፊልተሩ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ ጭምር መደፈን አለበት። ጭንቅላቱ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ መውጫው ነው።

ጋሽ መስታወት መርካቶ

ልጄ ማሂ፣ እኔ መስታወት ቤት ነው የምሠራው፣ ገንዳም እሠራለሁ። ለዚህ መጠን ባለ 6 ሚሊ መስታወት ይበቃል። አምስት ቁራጭ ነው የሚያስፈልግሽ። የምታሠሪበት ቤት ስትሄጂ ጠርዙ በደንብ እንዲሞረድ ንገሪያቸው። እጅሽንም እንስሳውንም ይቆርጣል።

ዋናው ሲሊኮኑ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ ይከላከላል የሚለው ሲሊኮን መድኃኒት አለበት፣ እሱን እንዳይጠቀሙብሽ። የአኳሪየም ተብሎ የተጻፈበት ካለ እሱን ይያዙ። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ውሃ አይገባበትም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዪው። ከዚያ ውሃ ሞልተሽ አንድ ቀን አሳድሪው፣ የሚያፈስ መሆኑን እዪ፣ ውሃውን ድፊና እንደገና እጠቢው።

ስለ ክብደቱም አስቢ። መስታወቱ ብቻውን 12 ኪሎ ይሆናል። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው። አሸዋና ድንጋይ ሲጨመር ከ60 ኪሎ ያልፋል። ቡፌ ላይ አስቀምጣለሁ ካልሽ የቡፌውን እግር አረጋግጪ። ብዙው ቡፌ ብርጭቆና ሰሃን እንዲሸከም ነው የተሠራው። ከሥሩ ቀጭን ስፖንጅ ወይም ፎም አንጥፊበት። ጠረጴዛው ትንሽ እንኳን ቢወላገድ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ለክዳኑ አሉሚኒየም ቤት ሂጂ። ለመስኮት የትንኝ ወንፊት በፍሬም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በገንዳሽ ልክ አሠሪው። መስታወት ክዳን ግን አልመክርሽም፣ አየር ያፍናል።

ማሂ ልደታ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የወንፊቱን ነገር በጭራሽ አላስብም ነበር። ቡፌውን ትቼ ከብረት ጠንካራ ማስቀመጫ አሠራለሁ።

ሳሮን

እኔ ኒውት የለኝም፣ ክሩን ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሂ ገንዳውን የምታስቀምጠው ሳሎን ይመስለኛል። ሳሎን ማለት ደግሞ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ነው። በቆዳቸው የሚተነፍሱ ከሆነ ጭሱ አይጎዳቸውም?

ባዮ አራት ኪሎ

ሳሮን፣ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። የውጭ ሰው የጻፈው መመሪያ ላይ ይህን አታገኚውም፣ እኛ ቤት ግን በየቀኑ ያለ ነገር ነው።

የስፖንጅ ፊልተር በአየር ፓምፕ ነው የሚሠራው። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ይነፋል። ክፍሉ ውስጥ ዕጣንና ከሰል ካለ ጭሱን ወስዶ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ቡና ስታፈዪ መስኮት ክፈቺ፣ ፓምፑን አጥፊው፣ ጭሱ ሲወጣ መልሰሽ አብሪው። ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ኒውቶቹ አይጎዱም፣ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይስባሉ። ከተቻለ ገንዳው ከረከቦቱ ሌላ ጥግ ይሁን። መኝታ ቤት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከጭሱ በላይ የምፈራው ግን ፍሊት ነው። የበረሮና የትንኝ መድኃኒት ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድ የሚባለው ኬሚካል ለዓሣም ለእንቁራሪት አስተኔም በጣም ትንሹ መጠን እንኳን መርዝ ነው። ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ። ሌላ ክፍል የነፋ ሰው እጁን ሳይታጠብ ገንዳው ውስጥ አይንካ። በረኪናም እንዲሁ። ገንዳውን በኦሞ ወይም በላርጎ አትጠቢው። ሙቅ ውሃና ኮምጣጤ ይበቃል፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። እጅሽን ሎሽን ወይም ቅባት ከተቀባሽ ውሃውን አትንኪ።

በዚህ አጋጣሚ ልጆች ካሉ ይህን ልብ በሉ። እሳት ሆድ ኒውት ቆዳው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። ፉጉ የሚባለው የጃፓን ዓሣ ውስጥ ያለው ያው መርዝ ነው። ነክተሽው እጅሽን ከታጠብሽ ምንም አይደለም። ዓይንሽን ከነካሽበት ወይም ሕፃን አፉ ውስጥ ካስገባው ግን አደጋ ነው። እንስሳው የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ አይደለም።

ዓሣ ወዳጅ ፒያሳ

የሙቀቱን ነገር ተቀብያለሁ። ውሃው ላይ ግን እንከራከር። እኔ የቧንቧ ውሃ ቀድቼ በዚያው ቀን ነው የምለውጠው። መድኃኒት ጠብ አድርጌ ወዲያው እጨምራለሁ። ዓሦቼ ምንም ሆነው አያውቁም። ሁለት ቀን ውሃ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል?

ባዮ አራት ኪሎ

የክሎሪን ማጥፊያውን ካገኘህ ያው ነው፣ ወዲያው ይሠራል። ማሂ ግን እዚሁ በሚገኝ ዕቃ ነው ያለችው፣ ያ ጠብታ ደግሞ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ውሃን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍቱን ለሁለት ቀን ማቆየት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ግን ክሎሪኑ አይወጣም፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሮቶ ላይ የቆየ ውሃም ቢሆን ክዳኑ ስለሚዘጋ አልተማመንበትም።

ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልማድ ሌላ ጥቅም አለው። ሁልጊዜ የተዘጋጀ ባልዲ ካለሽ ውሃ በሄደበት ሳምንት ገንዳሽ አይቆሽሽም። ባልዲው ገንዳው አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ሙቀቱ እኩል ይሆናል።

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓዱ ውሃ ከግድቡ የበለጠ ማዕድን አለው። ኒውት ሁለቱንም ይችላል። የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው። ለዚህ ነው በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን ብቻ መለወጥ የሚሻለው። ንጹሕ ይሁንላቸው ብለሽ የባትሪ ውሃ እንዳትሞክሪ። ማዕድን የሌለው ውሃ በቆዳቸው ገብቶ ያሳብጣቸዋል።

ማሂ ልደታ

ገንዳው ተሠርቶ መጣ፣ በጣም ያምራል። ፊልተሩም አለ። አሁን ጥያቄዬ ከሥር የሚነጠፈው ላይ ነው። የግንባታ ቦታ አጠገብ ስላለሁ አሸዋም ሬድ አሽም ይገኛል። ሬድ አሽ ቀለሙ ደስ ይላል። ይሆናል?

ባዮ አራት ኪሎ

ሬድ አሽ አይሆንም። ሸካራ ነው፣ ጠርዙ ስለታም ነው። የኒውት ሆድ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ይሳባል። ቆዳው ከተፋቀ በዚያ በኩል ፈንገስ ይገባል። ጠጠርም አይሆንም። ምግብ ሲያይ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ነው አብሮ የሚውጠው፣ አፉ የሚችለው ጠጠር ከገባ አንጀቱ ይዘጋል። ደንቡ ቀላል ነው። ወይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የላመ፣ ወይ ከጭንቅላቱ የበለጠ።

የግንባታው አሸዋ ይሆናል፣ ግን በወንፊት ንፊው፣ ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቢው። ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ አትሰልቺ። ሲሚንቶ ወይም ኖራ የነካው እንዳይሆን ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ ተዪው። ሁለት ሴንቲ ንጣፍ ይበቃል። ድንጋይ ከፈለግሽ ለስላሳ የወንዝ ጥቁር ድንጋይ ጥሩ ነው። ደርድረሽ መደበቂያ ሥሪላቸው፣ ግን ሲገፉት እንዳይናድ መስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጪና አሸዋውን ከዙሪያው አፍሺ።

የሚወጡበት ደረቅ ቦታም ይፈልጋሉ። ትልቅ አያስፈልግም። የሚንሳፈፍ ቡሽ ወይም ከውሃ በላይ የወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። እንጨት ካስገባሽ ባሕር ዛፍ አይሁን፣ ዘይቱ ውሃ ውስጥ ይወጣል።

ተክል በደንብ አብዢ። ጃቫ ሞስ ብርሃን ብዙ አይፈልግም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ኒውቶቹም እንቁላላቸውን አንድ በአንድ ቅጠል ውስጥ ጠቅልለው ነው የሚጥሉት። እምቦጭ ግን በምንም ዓይነት እንዳታመጪ። ጣናን ያስጨነቀ አረም ነው፣ ሳሎን ውስጥም ቢሆን መዘዙ ብዙ ነው።

ዓሣ ወዳጅ ፒያሳ

ማሂ፣ አንድ የማውቀውን ልንገርሽ። ዛሬ ሞልተሽ ዛሬ እንዳታስገቢያቸው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻን የሚበላው ባክቴሪያ የለም። እንስሳው የሚያወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል። ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም መርዝ ናቸው፣ ናይትሬቱ ግን ከአቅም በላይ ካልሆነ አይጎዳም። ባክቴሪያው እስኪራባ በአማካይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በቀዝቃዛ ውሃ ሊዘገይም ይችላል።

ለማፍጠን የቆየ ስፖንጅ ብታገኚ ነው። እኔ ጋ ጤናማ ገንዳ ውስጥ የቆየ አለ። ፒያሳ መጥተሽ ውሰጂ። እርጥብ አድርገሽ በፌስታል ያዢው፣ ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞታል። ስታጥቢውም ከገንዳው በወጣ ውሃ ጨመቅ አድርጊው እንጂ በቧንቧ ውሃ አይሁን።

ማሂ ልደታ

ወንድሜ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን የት ላቆያቸው? ያቺ ሣጥን በጣም አሳዝናኛለች።

ባዮ አራት ኪሎ

ሰፋ ያለ አዲስ ሳፋ ግዢ። ሳሙና ያልነካው ይሁን። አሥር ሴንቲ ያህል የቆየ ውሃ አድርጊ፣ አንድ ድንጋይና ትንሽ ተክል ጨምሪ፣ ላዩን በወንፊት ሸፍነሽ እሰሪው። ፊልተር ስለሌለው ግማሹን ውሃ በየቀኑ ለውጪ። የተረፈ ምግብ ወዲያው አውጪ። እንዲህ ሆነው ለሳምንታት ደህና መቆየት ይችላሉ።

ገንዳው መዘጋጀቱን የምታውቂው በመመርመሪያ ነው። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ከ20 ሚሊግራም በታች ሲሆን አስገቢያቸው። መመርመሪያውን አንድ ሰው ይኖረዋል፣ ከዓሣ አሳዳጊዎች ጋር ተዋዋሱ።

ማሂ ልደታ

ሳፋው ውስጥ ናቸው፣ ከሣጥኗ ከወጡ ጀምሮ ሲንቀሳቀሱ ደስ ይላሉ። አሁን የምግብ ችግር ነው ያለብኝ። ለአትክልት ኮምፖስት ከሚያዘጋጅ ሰው ቀይ ትል አመጣሁ። ትልቁ አፉ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ ይተፋዋል። እናቴ ትንሽ ጥሬ ሥጋ ስጪያቸው ትለኛለች።

ባዮ አራት ኪሎ

ቀዩ የኮምፖስት ትል ሲነካ መራራ ፈሳሽ ያወጣል። ብዙ ኒውት የሚተፋው ለዚህ ነው፣ ታሞ አይደለም። አንዳንዱ ቆራርጠው በውሃ ሲያለቀልቁለት ይበላዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክረምት ላይ ከአፈር የሚወጣው ተራው ግራጫ የምድር ትል ነው። ለእነሱ የተሟላ ምግብ ነው። መድኃኒትና የፋብሪካ ማዳበሪያ ካልነካው ግቢ አውጪው። የከተማ ወንዝ ዳር ያለውን አፈር ተዪው። በአፋቸው ልክ ቁረጪላቸው።

ብለድዎርም የሚባለው ቀይ እጭ በረዶ ሆኖ ከተገኘ ጥሩ ለውጥ ነው። ደርቆ የታሸገውን ግን ብዙዎቹ አይነኩትም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚስባቸው። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመስ የትንኝ እጭም ይወዳሉ።

ለእናትሽ ከአክብሮት ጋር ንገሪልኝ፣ ጥሬ ሥጋ አይስማማቸውም። የበሬ ስብ አይፈጩትም፣ ካልሲየምም የለውም፣ ውሃውንም ቶሎ ያበላሸዋል። ጉበት፣ ዳቦ፣ እንጀራም አይሆንም። ለአቅመ አዳም የደረሰ ኒውት በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይበላል። ሲመሽ ስጪያቸው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ የተረፈውን አንሺ። ሦስቱም መብላታቸውን በዓይንሽ እዪ። አንዱ ፈጣን ከሆነ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል፣ የተራበው ደግሞ የጓደኛውን እግር ሊነክስ ይችላል።

የእንጦጦ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ቀዝቃዛ አየር የሚወዱ ከሆነ እንጦጦ ላይ ምንጭ ሞልቷል። ወስዶ መልቀቅ አይሻልም? ነፃ ይወጣሉ።

ባዮ አራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን ይህን ፈጽሞ ማድረግ የለብንም። ክሩን የሚያነብ ሁሉ እንዲያውቀው ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ኒውት የለም። አፍሪካ ውስጥ በሰሜኑ ጫፍ፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው ያሉት። አገራችን ግን በእንቁራሪት ሀብታም ናት። ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኙም። ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ብቻ የምትኖር ትንሽ እንቁራሪት አለች፣ በዓለም ላይ ከመጥፋት ጫፍ የደረሰች ናት።

የእስያ ኒውቶች ደግሞ ቢሳል የሚባል የቆዳ ፈንገስ ይዘው ምንም ሳይታመሙ መኖር ይችላሉ። ይህ ፈንገስ በፈረንጆቹ 2013 ነው ተለይቶ የታወቀው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የኒውት ዘመድ የሆኑትን የእሳት ሳላማንደሮች ጠራርጎ ሊያጠፋቸው ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2016 የ201 የሳላማንደር ዝርያዎችን ማስገባት የከለከለችው በዚህ ፍርሃት ነው። ወንድሙ የሆነው ቢዲ የሚባለው ፈንገስ ደግሞ ብዙ የዓለም እንቁራሪቶችን የጨረሰ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። ሌላ ዓይነቱን እዚህ አምጥተን ምንጭ ውስጥ ብንለቅ መልሶ የሚሰበስበው ሰው የለም።

ማሂ፣ ይህ ገንዳሽንም ይመለከታል። ስትለውጪ የምታወጪው ውሃ የጎርፍ ቦይ ውስጥ አይደፋ። ለብቻው በተለየ ባልዲ በረኪና ጨምረሽ አንድ ሰዓት አቆዪውና ሽንት ቤት ድፊው። ያ ባልዲ ለሌላ ነገር አይሁን። ማሳደግ ቢያቅትሽ እዚህ ጻፊ፣ ወይም አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያሉ የእንስሳት ሳይንስ ሰዎችን ጠይቂ። ከውጭ ሌላ ኒውት ላምጣ የምትሉም ካላችሁ ሕይወት ያለው እንስሳ ድንበር ለማሻገር ፈቃድና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማምጣት ከሕጉም በላይ ለእንቁራሪቶቻችን አደጋ ነው።

የእንጦጦ ልጅ

ገባኝ። የባሌዋን እንቁራሪት ሰምቼም አላውቅ። አመሰግናለሁ።

ማሂ ልደታ

ምርመራው አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ አለ። የዓሣ ወዳጅ ስፖንጅ በጣም ረድቷል። ኒውቶቹ ከትናንት ጀምሮ ገንዳው ውስጥ ናቸው። ውሃው 18 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሞሱ ውስጥ ገብተው ትል ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ግን ከድንጋዩ ላይ አልወርድ ብሏል፣ ሌሊት መስታወቱን ሲወጣም አየሁት። ልስጋ?

ባዮ አራት ኪሎ

ገና አትስጊ። ቦታ የተቀየረበት ኒውት ጥቂት ቀን ደረቅ ላይ ይቀመጣል፣ መውጫም ይፈልጋል። በግድ ውሃ ውስጥ አትክተቺው። ድንጋዩ ላይ እርጥብ ሞስ ጣል አድርጊለት፣ ምግቡን አፉ አጠገብ አቅርቢለት። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ከውሃ ቢወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ውሃውን መርምሪ። የአረፋውንም ፍጥነት ቀንሺው። የተራራ ጅረት ነው ብዬ ነበር፣ ግን ቀስ ያለውን ነው የሚወዱት። ሞሱ ከተንቀጠቀጠ አየሩ በዝቷል ማለት ነው።

ሳሮን

ማሂ፣ መብራት ሲጠፋስ ምን ታደርጊያለሽ? እኛ ሰፈር ባለፈው ከጠዋት እስከ ማታ ጠፍቶ ነበር።

ዓሣ ወዳጅ ፒያሳ

ለዚህ እኔ ልመልስ። ኒውቶቹ ከላይ አየር ስለሚስቡ ከእኔ ዓሦች ይሻላሉ። የሚጎዳው ስፖንጁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው፣ አየር ካላገኘ ይሞታል። ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ስፖንጁን አውጥታ እርጥብ እንደሆነ ክፍት ዕቃ ላይ ታስቀምጠው። በዚያን ቀን ምግብ አትስጥ። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕም አለ፣ ከፓወር ባንክ ጋር ይሠራል። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው።

ማሂ ልደታ

ሦስተኛውም ዛሬ ወርዶ በላ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ደሴ እሄዳለሁ፣ አንድ ሳምንት እቆያለሁ። ጎረቤቴ ቁልፍ ወስዳ ልመግብልሽ ብላኛለች። ላስተምራት?

ባዮ አራት ኪሎ

መመገቡን ተዪው። የጠገበ ትልቅ ኒውት በዚህ ቅዝቃዜ ሳምንት ያለ ምግብ መቆየት አይከብደውም። ለማያውቅ ሰው ከሰጠሽ አብዝታ ትሰጥና የተረፈው ውሃውን ያበላሻል። ከመሄድሽ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ መግቢያቸው፣ በማግስቱ ሩቡን ውሃ ለውጪ። መጋረጃውን ዝጊ፣ የክዳኑን ጥግ ሁሉ በእጅሽ ፈትሺ። ጎረቤትሽ በሁለት ቀን አንዴ ቴርሞሜትሩን አይታ ቁጥሩን በስልክ ትላክልሽ። 23 ካለፈ ፍሪዘር ውስጥ ያዘጋጀሽውን ሃይላንድ ታንሳፍፍ። ቤቱን ላጽዳልሽ ካለችሽ ግን ገንዳው ያለበት ክፍል በረኪናም ፍሊትም እንዳይገባ አስቀድመሽ ንገሪያት።